ስልቻን «የቆዳ ቦርሳ» ያለው ሙዚየም

ጠባሴ_ሰፈር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ እናቴን ሙዚየም ወስጃት የሆነውን ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ሙዚየም ግን ገብታ አታውቅም። ጠዋት «ዛሬ ሙዚየም ልውሰድሽ» ስላት «ምን አለ እዚያ?» አለችኝ። «የድሮ ዕቃ» አልኳት። «ለድሮ ዕቃማ እኔ አለሁልህ፤ እኔን አይተህ ገንዘብህን አትቆጥብም?» ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

ቤቱ ትንሽ ነው። ስሙን አልጠራም። ሰዎቹ ባላቸው አቅም ነው የሚሠሩት፤ ላሳጣቸው አልፈልግም። ግድግዳው ላይ ጋሻ፣ ጦር፣ ጥቂት ፎቶ። መሬት ላይ የሸክላ ዕቃ። ጥግ ላይ ሞፈርና ቀንበር። እንደገባን በሚስማር የተሰቀለ ቆዳ አየች። ሥሩ ወረቀት ተለጥፏል። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እስካሁን በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነብ። «የ... ቆዳ... ቦርሳ።» ዝም አለች። ደግማ አነበበች።

«አንተ! ስልቻን ቦርሳ አሉት እኮ!»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሦስት ተማሪዎች ዞሩ። እሷ ማንንም አላየችም። ፍየሉ ሆዱ ሳይሰነጠቅ እንዴት እንደሚገፈፍ፣ የእግሮቹ ቀዳዳ እንዴት እንደሚታሰር፣ አንገቱ እንዴት አፍ እንደሚሆን ታወራው ጀመር። አባቷ ገብስ ሞልተው አህያ ላይ ሲጭኑት ቆዳው የሚሰጠውን ድምፅ ሳይቀር በአፏ አሰማች። ተማሪዎቹ ቀስ ብለው ተጠጉ። አንዷ ደብተር አወጣች።

ቀጥሎ «እንስራ» የተባለ ሸክላ ጋ ደረስን። «ይሄ ማድጋ ነው። እንስራ ይታዘላል። ይሄን ውሃ ሞልቶ የሚያዝል ወገብ ካለ አምጡልኝ!»

ከዚያ «የሳር ልብስ» የሚል አየን። እዚህ ጋ ድምጿ ቀነሰ። «ገሳ» አለች። ወንድሟ ከብት ሲጠብቅ ይለብሰው ነበር። ሳሩ ከመንዝ ጓሳ የመጣ ነው። «ዝናቡ ላይ ላዩን ሮጦ ይወርዳል እንጂ አይገባም። ሥሩ ሁለት ልጅ ይጠለልበታል» አለች። እጇን ሰደድ ስታደርግ አስጎብኚዋ በትሕትና «እማማ፣ መንካት አይቻልም» አለቻት። «ልነካው ብዬ አይደለም ልጄ። አጣጣፉ ተሳስቷል፤ እንዲህ ከቆየ ይሰበራል» አለቻት። ልጅቷ ትንሽ ግራ ገባት። ከዚያ ሄዳ ወንበር አመጣችላት።

ግማሽ ሰዓት ይበቃናል ያልኩት ጉብኝት ሦስት ሰዓት ፈጀ።

አሁን ጥያቄዬ። እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችኋል? ደግሞ በሚቀጥለው ስመጣ የት ልውሰዳት? በሰሜን ሸዋ የቅርስም የሥዕልም ነገር የሚታይበትን ቦታ ጠቁሙኝ። ጉልበቷን ያማታል፤ ዳገት አይሆንላትም።

ቆሎ_ቆርጣሚ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:05

ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ! ምን ለውጥ አለው ወንድሜ? ቆዳ ነው፤ ዕቃ ይያዝበታል፤ ቦርሳ ነው።

ጠባሴ_ሰፈር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:20

አጠገቤ ናት፣ አነበብኩላት። መልሷን እንዳለ ላስቀምጥ፦ «ቀልቀሎ የግልገል ነው፤ ስልቻ የትልቅ ፍየል ነው። አንድ ናቸው የሚለው ልጅ በቀልቀሎ እህል ሰፍሮ ሸጦ ያውቃል? በስልቻ ዋጋ ተቀብሎ በቀልቀሎ ሊሰፍር ነው እንዴ የፈለገው?»

ቆሎ_ቆርጣሚ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:22

እጅ ሰጥቻለሁ 😂 የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። የሚያመውን ሳይሆን ሌላኛውን።

ሥዕል_ወዳድ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:10

አንኮበር ውሰዳቸው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ብዙውን ያደርሳችኋል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ግን ደረጃ አለው፤ እሱን ከታች ሆነው ይዩት።

የሥዕል ነገር ስላነሣህ አንድ ነገር ልበል። አፈወርቅ ተክሌ የአንኮበር ልጅ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1932 እዚያ ነው የተወለደው። በ1947፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ የማዕድን ምህንድስና ተማር ተብሎ ወደ እንግሊዝ ተላከ። እዚያ ሲደርስ ሥዕሉ አሸነፈው። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው ባለቀለም መስታወት የእሱ ሥራ ነው፤ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት መስታወቱን ነው። አንኮበርን ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ጠዋት ጉሙ ከሥር ሲነሣና ፀሐይ ከአፋር በኩል ስትወጋው ቆሜ «እንዲህ ያለ ብርሃን እያየ ያደገ ልጅ መስታወት ላይ ቀለም ቢያፈስ ምን ይገርማል?» አልኩ። የእኔ ግምት ነው፤ ማስረጃ አትጠይቁኝ።

ሌላም አለ። የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን ዘመን አንኮበር በዓይን የምናውቀው በአብዛኛው ከአንድ ጀርመናዊ እጅ ነው። ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው እንግሊዛዊ ለውል ወደ ሸዋ ሲመጣ ሰዓሊ አድርጎ ይዞት መጣ። ሥዕሎቹ በ1852 ለንደን ታተሙ። የቤተ መንግሥቱን አጥር፣ ገበያውን፣ ንጉሡ የተቀመጡበትን ሁሉ ስሏል። እማማን እነዚያን ሥዕሎች በስልክ አሳያቸው። ስለ ልብሱና ስለ ዕቃው ምን እንደሚሉ ንገረን። የውጭ ሰው ብዙ ነገር ያሳምራል፤ እሳቸው የሚሉትን ነው መስማት የምፈልገው።

ጠባሴ_ሰፈር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:35

አፈወርቅን አላውቅም ነበር። አፍሪካ አዳራሽ በር ላይ በታክሲ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።

ቤቲ_ከሳሪስ | እሑድ፣ ጠዋት 1:50

ደብረ ብርሃን ሥላሴስ? ጣራው ላይ መላእክት በመላእክት የሆነው። ፎቶውን አይቼ ሞቻለሁ። እዚያው ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ እንዴት እሱን አታዩም?

ጉም_በጣርማበር | እሑድ፣ ጠዋት 2:15

ቤቲዬ፣ ያ ጎንደር ነው 🙂 ስንት ሰው በዚህ ስም ደብረ ብርሃን ወርዶ መላእክት ሲፈልግ አይቻለሁ። መላእክቱ ያሉት በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን የመሠረቱት ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው።

የሸዋው ደብረ ብርሃን ቀደም ይላል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብርሃን ከሰማይ ታየ ብለው ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበትና የተቀመጡበት ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከተማው መሀል ያለው ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያንን ታሪክ የተሸከመ ነው። መላእክት ባይሞሉበትም ሄዶ ማየት ነው። ለእማማ ደግሞ ሜዳ ነው።

ቤቲ_ከሳሪስ | እሑድ፣ ጠዋት 2:18

አፈርኩ። አመሰግናለሁ።

የዕቃ_ቤት_ሰው | እሑድ፣ ከቀኑ 6:30

ይህን ክር ሳነብ ፊቴ ቀላ። እኔም በአንድ የአካባቢ ሙዚየም ውስጥ እሠራለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ስልቻን ቦርሳ ያልነው እኛ እንዳንሆን ብዬ ዛሬ ጠዋት ሄጄ አይቼ መጣሁ። እኛ ጋ «ከቆዳ የተሠራ ዕቃ» ይላል። ከቦርሳ ይሻላል አይሻልም፣ እናንተ ፍረዱ።

እንዴት እንዲህ እንደሚሆን ልንገራችሁ። አንድ ገበሬ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ወይም የቀበሌ ሰው ሰብስቦ ያመጣል። መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል። የሰጪው ስም፣ የመጣበት ቀበሌ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ቁመቱ፣ ስፋቱ ይጻፋል። መዝጋቢው ብዙ ጊዜ ከተማ ያደገ ወጣት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ። ስሙን ካላወቀ «የቆዳ ዕቃ» ይላል። ያመጣው ገበሬ እዚያው ቆሞ እያለ አይጠየቅም። ወይም ይጠየቅና የተናገረው አይጻፍም፤ ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። ገበሬው ይሄዳል። ከአሥር ዓመት በኋላ መለያ ወረቀት የሚያዘጋጀው ሌላ ሰው መዝገቡን አይቶ «የቆዳ ቦርሳ» ይጽፋል። ክፋት የለበትም። ግን ዕቃው ስሙን ያጣው በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን ነው።

ከዚህ የባሰም ሠርተናል። አንድ ማርትሬዛ ነበረን። ላዩ ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለ። እኛም «የ1780 ዓ.ም. ገንዘብ» ብለን ለጠፍን። 1780 እኮ ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው! ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። አያቶቻችን እጅ የገባው ብር ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታ ሊሆን ይችላል። አንድ አዛውንት ጎብኚ ናቸው የነገሩን። ሌላ ወረቀት ለጠፍን።

ስለ መንካት። አስጎብኚዋ ልክ ናት፤ እናትህም ልክ ናቸው። የእጅ ላብና ቅባት ሳሩንም ጨርቁንም ይጎዳል። አለአግባብ መታጠፍ ደግሞ የበለጠ ይጎዳል። ጨርቅ የሚበላው ከምንም በላይ የመስኮት ፀሐይ ነው። ሰው የስልክ ፍላሽ ሲያበራ እንቆጣለን፤ ከኋላችን ግን መጋረጃ በሌለው መስኮት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ባናውን (የሱፍ ብርድ ልብሱን) እያነጣው ነው። የሱፍ ነገር ከሆነ ደግሞ ብል አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ብሉን ትንሽ ያዘገየዋል፤ በዚህ እናመሰግነዋለን።

ጠባሴ_ሰፈር | እሑድ፣ ከቀኑ 7:10

ጋሼ (ሴት ከሆኑም እትዬ) ይቅርታ፣ ላሳጣችሁ አልነበረም የጻፍኩት። በቅንነት ስለመለሱ ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴ «ቅጹን ያስረዝሙት» ብላለች።

የዕቃ_ቤት_ሰው | እሑድ፣ ከቀኑ 7:14

ጋሼ ነኝ። እውነታቸውን ነው።

ሜሪላንድ_2 | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:25

ወገኖቼ፣ አትቆጡኝ። ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ነው የሚታየኝ። መጋረጃ የለም፤ ብል ይበላል፤ ስም ይሳሳታል። ታዲያ ለምን ዋና ዋናው ተሰብስቦ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም አይገባም? እዚያ ባለሙያ አለ፣ ጥበቃ አለ። እኔ ለንደን ሄጄ ከመቅደላ የተወሰደውን ዘውድ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1868 ነው የተወሰደው። እጅግ አንጀቴን በላኝ። ግን ዘውዱ ሳይጎድል ቆሟል። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ይኖር ነበር ወይ እላለሁ።

መምህርት_ከደብረ_ሲና | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:00

ወንድሜ ሜሪላንድ፣ ዘውድ አንድ ነገር ነው። ገሳ ሌላ ነው። ገሳውን አዲስ አበባ ብትወስደው «አጣጣፉ ተሳስቷል» የሚል ሰው ማን አለ? እማማ ሦስት ሰዓት ያስተማሩት ዕቃው መንደራቸው አጠገብ ስለነበረ ነው።

እኔ የማስተምራቸው ልጆች አዲስ አበባ ሙዚየም አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ወስጃቸው ነበር። ድንቅነሽን አዩ። ወረፋ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ቆምን፣ አለፍን። ሲመለሱ ያወሩት ስለ መንገዱና ስለ ቆሎ ነበር። ልጅ የአያቱን ወፍጮና መጅ ሙዚየም ውስጥ ሲያይ ግን «ይሄማ ቤት አለ!» ይላል። ቤት ሄዶ ይጠይቃል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሜሪላንድ_2 | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:30

እቴ፣ የወፍጮውን ተቀብያለሁ። ብራናውንና ዘውዱን ግን አልለቅም።

የመሪጌታ_ልጅ | ሰኞ፣ ጠዋት 3:00

የብራናውን እኔ ልመልስ፤ አባቴ መሪጌታ ነው። እኛ አገር ሙዚየም ከመምጣቱ በፊት ዕቃ ቤት ነበር። መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ካባው፣ ንጉሥ የሰጡት ጃንጥላ፣ የብራና መጻሕፍት ሁሉ እዚያ ነው የኖሩት። ገበዙ ቁልፉን ይይዛል። ጎብኚ ሲመጣ «አይቻልም» ሊል ይችላል። እንዲህ ሲል ንፉግ ሆኖ አይደለም፤ ማን ወስዶ እንደሸጠ ስለሚያስታውስ ነው። ታቦትማ በጭራሽ አይታይም። እሱን የሚጠይቅ ካለ ከወዲሁ አይጠይቅ።

ብራና ደግሞ ይነበባል። የአባቴ መጽሐፍ ገጹ ጥጉ ላይ ጠቁሯል፤ ስንት ትውልድ ጣቱን አርጥቦ ስለገለጠው ነው። መስታወት ውስጥ ገብቶ አንድ ገጽ ብቻ ተገልጦ ዘላለም ሲቀመጥ ለእኔ የታሠረ ይመስለኛል። ሜሪላንድ ግን አንድ ልክ ያለው ነገር አለ። ዕቃ ቤት ውስጥ አይጥና ዝናብም አለ። እሱን አልክድም።

ለእማማ ግን ደብረ ሊባኖስን ነው የምመክረው። ገዳሙ ሙዚየም አለው፤ ቤተ ክርስቲያኑም በባለቀለም መስታወት ያማረ ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቦታ ስለሆነ እሳቸው ከሙዚየሙ ይልቅ ለመሳለም ይሄዳሉ፤ አንተ ሙዚየሙን ትጨምርበታለህ። ግንቦት 1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች መነኮሳቱን የፈጁት ከዚያ ወስደው ነው። እሱን ሳያስቡ መዞር አይቻልም።

ቆሎ_ቆርጣሚ | ሰኞ፣ ጠዋት 3:20

ደብረ ሊባኖስ እኮ ኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ነው። ልጁ የጠየቀው የደብረ ብርሃኑን ሰሜን ሸዋ ነው።

የመሪጌታ_ልጅ | ሰኞ፣ ጠዋት 3:24

ሰሜን ሸዋ አለ፣ ሰሜን ሸዋ አለ። ስልቻ ቀልቀሎ አልከን አይደል? 🙂

የዕቃ_ቤት_ሰው | ሰኞ፣ ከቀኑ 8:00

መሪጌታ ስለ ብራናው ያለው ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ብራና በነጭ ጓንት ይነካል ብሎ ያስባል። አሁን ባለሙያዎች የሚመክሩት በደንብ ታጥቦ የደረቀ እጅ ነው። ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፤ ገጹ ይቀደዳል። የአባትህ ምራቅ ግን ይቅር። በአክብሮት ነው የምለው።

ይፋቴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

ሰላም ዓለይኩም ወገን። ሁልጊዜ ሰሜን ሸዋ ሲባል ደጋው ብቻ ይወራል፤ ቆላውን ማን ያነሣል? እኛ ይፋት ውስጥ የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ አለን። ኖራ፣ አስበሪ፣ አውፋት። ፍራንስዋ ግዛቪዬ ፎቬልና በርትራንድ ሂርሽ የሚባሉ ፈረንሳውያን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያጠኗቸው ናቸው። መስጊዶች አሉ፤ ግድግዳቸው ዛሬም የቆመ አለ። አውፋት የይፋት ሱልጣኖች፣ የወላስማዎች፣ መቀመጫ ነበረች። የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት የመቃብር ድንጋይ ተገኝቶባታል። እዚያ ትንሽ ሙዚየም ቢኖር ምን ያስቀምጥ ነበር? ያንን ድንጋይ። አሁን ግን ለማየት ቁልቁለትና ቁጥቋጦ ነው። ለእማማ አይሆንም። ለወጣቶች ግን ውጡ፤ መንገዱን ሰላም መሆኑን እየጠየቃችሁ።

ሌላ ደግሞ ዐልዩ አምባ አለች። ከአንኮበር ቁልቁል የምትገኝ የሲራራ ነጋዴ ገበያ ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሁሉ እዚያ ያርፍ ነበር። ቡናው፣ አሞሌው፣ ጨርቁ፣ ማርትሬዛው። በዚያ መስመር ባሪያም ይሸጥ ነበር። እስካሁን በገባሁባቸው ሙዚየሞች አሞሌውን አይቻለሁ፤ ስለ ሰው ሽያጩ አንድ መስመር የጻፈ አላየሁም። አሞሌ ብቻ አስቀምጦ «ገበያ» ማለት ግማሽ ታሪክ ነው። እኔ የአርጎባ ልጅ ነኝ፤ አያቶቻችን በዚያ ንግድ ውስጥ ነበሩና አፌን ሞልቼ ነው የምለው።

ሥዕል_ወዳድ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

ወንድሜ ይፋቴ፣ ይህ ለብቻው ክር ይገባዋል። ክፈትና ጥራኝ።

ዝምተኛው_አንባቢ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:05

አንብቤ ብቻ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ጥያቄ አለኝ። የአያቴ ጋሻ ቤታችን አለ። ብር የተለበጠበት ነው። ባለፈው ወር አንድ ሰው ሰፈር እየዞረ «የድሮ ዕቃ እገዛለሁ» ብሎ ጠየቀን። አጎቴ ሊሸጥ ነው። ሙዚየም እንስጥ ብል «መንግሥት ወስዶ ያስቀረዋል» ይላል። ምን ላድርግ?

የዕቃ_ቤት_ሰው | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:40

ልጄ፣ መጀመሪያ አጎትህን ትንሽ አዘግየው። ቅርስን በግለሰብ ይዞታ ማኖር ሕጉ አይከለክልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስ በመንግሥትም በሰውም ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል ይላል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ግን ክልክል ነው። ወደ ወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱና ይመዝገብ። መመዝገብ ማለት መውረስ ማለት አይደለም። ከተመዘገበ በኋላ ቢሰረቅ እንኳ መፈለጊያ ይኖረዋል።

አሁኑኑ በስልክህ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ፎቶ አንሣው። ከአጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ታሪኩን አጎትህን አስወራውና ቅዳው። አያትህ የት ይዘውት ዘመቱ? ብሩን ማን ለበጠው? እሱን ያ ገዢ አይገዛልህም።

ዝምተኛው_አንባቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

አጎቴ ሲያወራ ሁለት ሰዓት ቀዳሁት። ጨርሶ «አሁን እንዴት ልሽጠው» አለ። በእናንተ ምክንያት ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

መምህርት_ከደብረ_ሲና | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:15

ጠባሴ፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቼን ወደዚያ ሙዚየም ላመጣቸው እፈልጋለሁ። እማማ ያን ቀን ቢኖሩልን? ወንበር እኔ ራሴ እሸከማለሁ።

ሥዕል_ወዳድ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:40

የበርናትዝን ሥዕል አሳየሃቸው ወይ? እየጠበቅኩ ነው።

ጠባሴ_ሰፈር | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:00

ይቅርታ ዘገየሁ። ሁሉንም በአንድ ልመልስ።

ሥዕሉን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየች። ስለ ንጉሡ ምንም አላለችም። የሰዎቹን አለባበስ በጣቷ እያሰፋች አየችና «ይሄ ሰውዬ ብርድ አያውቅም» አለች። ሰዓሊውን ማለቷ ነው። «አንኮበር ላይ እንዲህ ትከሻውን ገልጦ የሚቆም ሰው የለም። ለመልኩ ብሎ ነው ያስወለቃቸው።» እኔ አልፈርድም፤ አስተላልፌያለሁ።

ትናንት ተመልሰን ሙዚየሙ ሄድን። እኔ ነኝ የጠየቅኳቸው፤ እነሱም ደስ ብሏቸው ተቀበሉን። አስጎብኚዋ ልጅ ደብተር ይዛ ጠበቀችን። ከዕቃ ወደ ዕቃ አብረው ዞሩ። እናቴ ትናገራለች፤ ልጅቷ ትጽፋለች። የዕቃው ስም፣ ማን እንደሚሠራው፣ ማን እንደሚጠቀምበት። ለአንዳንዱ «ይሄን አላውቀውም፤ የቆላ ነው፤ ከይፋት ሰው ጠይቁ» አለች። (ይፋቴ፣ እነሆ ሥራ መጣልህ።) ገሳውን ሁለቱ ተጋግዘው አወረዱት። አሁን ተዘርግቶ በእንጨት ላይ ነው ያለው። ልጅቷ ከጎኑ በእርሳስ «ገሳ» ብላ ጻፈች፤ የተተየበው በኋላ ይመጣል ተብሏል። ስልቻዋም ስልቻ ሆናለች።

መምህርት፣ እሺ ብላለች። «ልጆቹ ግን ጥያቄ ይዘው ይምጡ፤ ዝም ብለው የሚያዩኝ ከሆነ እኔም ዕቃ ሆኜ እቀራለሁ» ብላለች።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ኃላፊው መጥተው አመሰገኗትና «እማማ፣ የመንዝ ባና የለንም። ያለን አንድ ነበር፤ ብል በላው። እርስዎ ጋ ካለ ቢለግሱን?» አሏት። እናቴ ባና አላት። እናቷ የፈተሉት ነው። ጥቁሩ ሱፍ ቀለም አልገባበትም፤ የበጉ ነው። ልጅ ሆኜ አብሬያት የተኛሁበት ነው።

ትንሽ አሰበች።

«ስሞት ውሰዱት» አለቻቸው። «አሁን ይበርደኛል።»